«ለቅሶውን ወደ እሁድ አዙሩት»

የጠባሴ ሰው፦ ደብረ ብርሃን የኢንዱስትሪ ከተማ ሆነች ብለን እልል አልን። አሁን አንድ የፋብሪካ ኃላፊ ሠራተኛ ሰብስቦ «ለቅሶውን ወደ እሁድ አዙሩት» አለ አሉ። ሟቹም እሁድን ጠብቆ ይሙታ!

ፈረቃ 2፦ አታጋንኑ እንጂ። ስብሰባው ላይ ነበርኩ። ቀብር አላለም፣ ለቅሶ መድረሱን ነው ያለው። ግማሹ ሠራተኛ ለቅሶ ሄዶ ማሽን ሲቆም ኪሳራውን ማን ይሸፍን?

የመንዝ ልጅ፦ «መድረሱን ነው» ይለኛል እንዴ! ለቅሶ የሚደረሰው ድንኳኑ ሳይነሳ ነው። እሁድ ሄደህ ማንን ልታጽናና? ወንበር የሚጭነውን?

ሕግ አዋቂ፦ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ፣ አዋጅ 1156/2011 እኮ አለ። የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ ዘመድ ሲሞት 3 የሥራ ቀን ከነደመወዙ። ለሣልስት ይበቃል።

የመንዝ ልጅ፦ ጎረቤትስ ስንተኛ ደረጃ ነው? ድንኳን የሚተክለው፣ አስከሬን የሚሸከመው እሱ ነው።

ፈረቃ 2፦ ጎረቤት ሁሉ ይጨመር ካልክ ፋብሪካው ይዘጋ በለና እንረፈው።

ክር ፈታይ፦ እናንተ ተከራከሩ፣ እኔን ሁለቱም ይቀጡኛል። የእድራችን ጥሩንባ ሌሊት ተነፋ፤ እኔ ደግሞ 12 ሰዓት ሰርቪስ አለብኝ። ሥራ ገባሁ፣ እድሩ ቀጣኝ። ለሚቀጥለው ቀብር ወጣሁ፣ ከነጠላዬ ሥር ጋዋኔን እንደለበስኩ። ያን ቀን ደግሞ ደመወዜ ተቆረጠ። የጣት አሻራ ማሽኑ «ለቅሶ ነበርኩ» ቢሉት አይሰማ!

የእድር ዳኛ፦ ቅጣት ባይኖርማ ማን ይቀብራል? የዛሬ ልጅ በቴሌብር ብር ልኮ «ደርሻለሁ» ይላል።

ክር ፈታይ፦ ጋሼ፣ በቴሌብር የመጣ ብር ንፍሮ አይገዛም?

ፈረቃ 2፦ የምን ንፍሮ! ለአርባው በሬ ተጥሎ፣ ቤተሰቡ ዓመት ሙሉ ዕዳ ይከፍላል። ድሃውን ያደኸየው ተዝካሩ ነው፣ ፋብሪካው አይደለም።

የመንዝ ልጅ፦ መጣህ! ተዝካሩንም ወደ እሁድ ልታዞረው ነው?

ሕግ አዋቂ፦ ጾም ላይ ከዋለ ድግሱ ይዞር የለ እንዴ?

የመንዝ ልጅ፦ ጾሙን ያዘዘው ማን፣ ማሽኑን ያዘዘው ማን!

የጠባሴ ሰው፦ ቆይ፣ ይሄ ኃላፊ ግን የየት አገር ሰው ነው?

ፈረቃ 2፦ የአንኮበር። እድርተኛችሁ ነው፣ ጋሼን ጠይቋቸው።

የእድር ዳኛ፦ መዋጮውን በወቅቱ ይከፍላል። ቀብር ላይ ግን አይቼው አላውቅም።

ክር ፈታይ፦ እሱንስ ቀጣችሁት?