ሯጭ ወንድሜ ቤዝቦል ልግባ ይላል፤ ምን ልምከረው?

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የሚጨርሰውን የ100 ሜትር ሯጭ ታናሽ ወንድሜን አንድ የቤዝቦል አሰልጣኝ ለሙከራ ጠርቶት ልቡ ሸፍቷል። እኔ ደግሞ የምመክረው ጠፍቶኛል።

ሳነብ ደጋግሜ የማገኘው የኸርብ ዋሽንግተንን ታሪክ ነው። የቤት ውስጥ አጭር ሩጫ ባለክብረ ወሰን ነበር። የቤዝቦል ቡድኑ ኦክላንድ ኤይስ እ.ኤ.አ. በ1974 ለመሮጥ ብቻ ቀጠረው። አንድም ጊዜ ለመምታት ሳይቆም በዚያ ዓመት 29 ቤዝ ሰረቀ (ማለትም ኳሱ ሳይመታ ሮጦ ቀጣዩ ማረፊያ ላይ ደረሰ)፤ 16 ጊዜ ግን ተያዘ። በፍጻሜው ሁለተኛ ጨዋታ ላይ የተጋጣሚው ቡድን የዶጀርስ ኳስ ወርዋሪ ማይክ ማርሻል ድንገት ዞሮ አንደኛው ቤዝ ላይ አስያዘው። በቀጣዩ ዓመት ተሰናበተ።

ፍጥነት እንዳልጎደለው ግልጽ ነው። አጭር ርቀት ሯጭ ተኩስ ሰምቶ ይነሳል፤ ቤዝ የሚሰርቅ ግን የወርዋሪውን እግርና ትከሻ አንብቦ ራሱ መፍረድ አለበት። ከቤዝ ቤዝ 27 ሜትር ገደማ ስለሆነ ግማሽ እርምጃ መዘግየት ይበቃል። ወንድሜ በበኩሉ ከ2023 ወዲህ ቤዞቹ መስፋታቸውን፣ ወርዋሪውም ሯጩን ለመያዝ የሚያደርገው ሙከራ መገደቡን እየጠቀሰ ይሞግተኛል። ይህ እንኳ እውነት ነው፤ ስርቆቱ ጨምሯል።

ቤዝቦል የተጫወታችሁ ወይም ልጅ ያሳደጋችሁበት፣ ወርዋሪን የማንበብ ዓይን በ22 ዓመት ይሰለጥናል? መምታትንስ ከባዶ መጀመር ያዋጣል? ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ቤዝ መስረቅን ለይቶ የሚያስተምር ሰው የምታውቁ ብትጠቁሙኝ ውለታችሁ አለብኝ። ሙከራው ከፋሲካ በኋላ ነው።