ዶክሶሩቢሲን ሊፖዞም ውስጥ አልገባ አለኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የካንሰር መድኃኒቱን ዶክሶሩቢሲንን በሊፖዞም (ከስብ በተሠራ በጣም ጥቃቅን ከረጢት) ውስጥ ለመያዝ እየሞከርኩ መላው ጠፍቶኛል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ የተፈቀደው ዶክሲል (ዶክሶሩቢሲን በሊፖዞም የተያዘበት መድኃኒት) የሚሠራበት ነው፦ ሊፖዞሙ ውስጥ አሞኒየም ሰልፌት የተባለ ጨው ይቀመጣል፣ ውጭ ያለው በዲያሊሲስ (ትንንሹን ብቻ በሚያሳልፍ ስስ ሽፋን በማጠብ) ይወገዳል፣ መድኃኒቱም በዚህ የውስጥና የውጭ ልዩነት ተስቦ ይገባል። ወረቀት ላይ እንዴት ያምራል! የእኔ ግን ግማሹ እንኳ አይገባም። የቅንጣቶቹ መጠን 100 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ ሙቀቱም 60 ዲግሪ ሴልሺየስ። ትልልቁን ቀድሞ በሚያወርደው የጄል ማጣሪያ ዓምድ ሳሳልፈው ሊፖዞሙ ሐመር ሮዝ ሆኖ ቀድሞ ይወርዳል፤ ያልገባው መድኃኒት ደም መስሎ ከኋላ ይከተላል።

የምጠረጥረው ዲያሊሲሱን ነው። ውጭ የቀረ ጨው ካለ ልዩነቱ ይዳከማል። ውድ መድኃኒት ከማባከኔ በፊት ይህን እንዴት ላረጋግጥ? የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መለኪያ ይበቃል? ወይስ ችግሩ በሊፖዞሙ ግድግዳ ውስጥ ያለው የኮሌስትሮል መጠን ነው? የሠራችሁበት እባካችሁ ንገሩኝ።