ደህና የሆነች የቤንዚን መኪናዬን ሸጬ ኤሌክትሪክ ልግዛ ወይስ እስክትሞት ልንዳት?

ጠያቂ፦ ማለዳ

ሰላም ለሁላችሁ። ውሳኔ ላይ ቆሜያለሁና የምታውቁትን አካፍሉኝ።

12 ዓመት ያገለገለች ትንሽ የቤንዚን መኪና አለችኝ። በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር ተኩል ያህል ትጠጣለች። ሞተሯ ደህና ነው፤ ዘይት አታፈስም፣ አታጨስም። ከቤቴ እስከ ሥራ 14 ኪሎ ሜትር ነው፣ በሳምንት አምስት ቀን እመላለሳለሁ። በወር ሁለት ጊዜ ደግሞ እናቴን ለማየት 90 ኪሎ ሜትር ነድቼ በዚያው ቀን እመለሳለሁ። ሁሉንም ስደምረው በዓመት 11,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።

ለመሸጥ ያሰብኩት ገንዘብ ላተርፍ ብዬ አይደለም። አንድ ጠዋት መንገዴ ላይ ያለ ትምህርት ቤት ፊት ቆሜ ሕፃናቱ ሲሻገሩ እጠብቃለሁ። ከፊቴ የቆመው መኪና ጭስ ማውጫ ከአንዲት ትንሽ ልጅ ፊት ጋር እኩል ሆኖ አየሁት። የእኔም ከኋላዬ ያው ነው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

የእህቴ ባል ግን «ባትሪው ሲሠራ የሚወጣው ብክለት ያንቺ መኪና በዕድሜዋ ሙሉ ከምታወጣው ይበልጣል፤ ማዕድኑንም የሚቆፍሩት ሕፃናት ናቸው» ይለኛል። እውነቱን ነው? ያየኋት ኤሌክትሪክ መኪና አዲስ ናት፣ ባትሪዋ 60 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። የምንጠቀመው መብራት ግማሹ ከተፈጥሮ ጋዝ፣ ግማሹ ከውኃና ከነፋስ የሚመነጭ ነው።

መልስ፦ ደማሪው

እህቴ፣ ኪሎ ሜትሩንም መብራቱንም ስለነገርሽን ተባረኪ። እነዚህን ሁለቱን ሳያውቁ የሚሰጥ መልስ ግምት ብቻ ነው። እስቲ አብረን እናስላው።

አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ሊትሩ ራሱ አንድ ኪሎ እንኳ ሳይሞላ ይህን ያህል መክበዱ ሰው ያስገርማል፤ በነዳጁ ውስጥ ያለው ካርቦን የአየሩን ኦክስጅን እየያዘ ስለሚወጣ ነው። አንቺ በዓመት 825 ሊትር ታቃጥያለሽ፣ 1.9 ቶን ማለት ነው። ነዳጁን ለማውጣት፣ ለማጣራትና ለማጓጓዝ የሚወጣውን አንድ አምስተኛ ያህል ብንጨምርበት 2.3 ቶን ይደርሳል።

ኤሌክትሪኳ በ100 ኪሎ ሜትር 18 ኪሎዋት ሰዓት ትወስዳለች እንበል። ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነው ሲታከልበት በዓመት 2,200 ይሆናል። ከጋዝ የሚመነጭ መብራት በኪሎዋት ሰዓት 490 ግራም አካባቢ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለው፤ ከውኃና ከነፋስ የሚመነጨው ደግሞ 10 እና 20 ግራም ቤት ነው። የእናንተ ቅልቅል 250 ላይ ያርፋል፣ በዓመት 550 ኪሎ ገደማ። ስለዚህ በየዓመቱ 1.75 ቶን ይቀርልሻል።

አሁን ወደ ባትሪው እንምጣ። ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ሥራ ከ60 እስከ 100 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ፋብሪካው በምን መብራት እንደሚሠራ ይለያያል። 75ን ብንወስድ ያንቺዋ ባትሪ 4.5 ቶን ዕዳ ይዛ ትመጣለች። ይህን ዕዳ በሁለት ዓመት ተኩል ትከፍይዋለሽ፤ መኪናዋ ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ትሄዳለች። ስለዚህ የእህትሽ ባል ያሉት በእናንተ መብራት ልክ አይደለም። መብራቱ በሙሉ ከድንጋይ ከሰል ቢሆን ኖሮ ግን በኪሎዋት ሰዓት አንድ ኪሎ ስለሚወጣ ዓመቱ 2.2 ቶን ይሆንና ትርፍሽ ከምንም አይቆጠርም ነበር። መብራቷን በሙሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ ከውኃና ከነፋስ የምታመነጨው ኖርዌይና አብዛኛውን ከከሰል የምታመነጨው ደቡብ አፍሪካ ለአንዲት መኪና አንድ ዓይነት መልስ የማይሰጡት በዚህ ነው።

መልስ፦ አሮጌ ወዳጅ

የደማሪው ስሌት ትክክል ነው፤ የሚሠራው ግን የግድ አዲስ መኪና ለሚገዛ ሰው ነው። ማለዳ ደህና የምትሄድ መኪና አላት። ስለዚህ የባትሪው ብቻ ሳይሆን የመላው አዲስ መኪና ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ፕላስቲክና መስታወት ይታሰብባታል። ባትሪውን ጨምሮ ወደ 10 ቶን ይጠጋል። ያን ጊዜ ዕዳው የሚመለሰው በስድስት ዓመት ገደማ ነው።

ሌላም አለ። አሮጌዋን ስትሸጪያት አትጠፋም። ሌላ ሰው ይነዳታል፣ ምናልባትም ካንቺ የበለጠ። ገዢው ከእሷ የባሰች መኪና የሚጥል ከሆነ መልካም፤ በእግሩና በአውቶቡስ ይሄድ የነበረ ከሆነ ግን ያ ጭስ ሌላ ትምህርት ቤት በር ላይ ይቆማል።

መልስ፦ ጂኦሎጂስቷ

የማዕድኑን ጥያቄ ዝም ብለን እንዳናልፈው፤ ልብ የሚነካ ነገር ነው። በዓለም ከሚወጣው ኮባልት ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚመጣው ከዴሞክራቲክ ኮንጎ ነው። በእጅ በሚቆፈሩት ጉድጓዶች ሕፃናት መሥራታቸውም የተረጋገጠ ነው፣ የእህትሽ ባል በዚህ አልተሳሳቱም። ነገር ግን ሁሉም ባትሪ ኮባልት የለውም። ከሊቲየም፣ ከብረትና ከፎስፌት የሚሠራው ዓይነት ኮባልትም ኒኬልም አይገባበትም። ክብደቱ ትንሽ ይጨምራል፣ ዕድሜው ግን ረጅም ነው፤ ዛሬ በብዙ መለስተኛ መኪኖች ውስጥ የሚገኘውም እሱ ነው። ሻጩን «የባትሪው ዓይነት ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቂ፤ በግልጽ ካልመለሰልሽ ወደ ሌላ ሂጂ።

ሊቲየምም ንጹሕ ነው አልልም። በቺሊ አታካማ በረሃ ጨዋማውን ውኃ ከምድር እየሳቡ በፀሐይ ያተኑታል፣ ያውም በዓለም እጅግ ደረቅ ከሆኑት ቦታዎች በአንዱ። በዚያ የሚኖሩ ነባር ሕዝቦች ስለ ውኃቸው የሚያሰሙት አቤቱታ መደመጥ አለበት። ከነዳጅ ጋር ስናወዳድር ግን መጠኑን እንይ። የ60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ የሚይዘው ሊቲየም ከ10 ኪሎ ግራም አይበልጥም፣ መኪናዋ ስታረጅም ተለቅሞ እንደገና ሊሠራበት ይችላል። የማለዳ መኪና 200,000 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ከ10 ቶን በላይ ቤንዚን ታቃጥላለች፣ ከዚያ ውስጥ አንዲት ጠብታ አትመለስም። ድፍድፍ ነዳጅ ፈስሶ ውኃቸው የተበከለባቸውን የናይጄሪያውን ኒጀር ዴልታ ዓሣ አጥማጆች ለሚያውቅ ነዳጅም ከጉዳት ነፃ ሆኖ አያውቅም።

መልስ፦ ባለ ጎማው

ያገለገለች ኤሌክትሪክ መኪና ከገዛሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ማንም ያልነገረኝን ልንገርሽ። ባለፈው ጊዜ ጋራዥ ወስጄ አራቱም ጎማ ሲወልቅ አብሬ ቆምኩ። የፍሬን ሸራዎቹ አዲስ ይመስላሉ፤ እግሬን ከፍጥነት መስጫው ላይ ሳነሳ ሞተሩ ራሱ ፍጥነቱን ይይዛል፣ የተያዘውም ኃይል ወደ ባትሪ ይመለሳል። የፊት ጎማዎቹ የውስጥ ጠርዝ ግን ከመላጡ የተነሳ ሽቦው ሊታይ ምንም አልቀረው። ባትሪው ከባድ ነው፣ አነሳሷም ኃይለኛ ነው፤ ያ ሁሉ ጎማ ላይ ያልቃል። የተላጠው ጎማ ደግሞ ደቃቅ ብናኝ ሆኖ አየርና ወንዝ ውስጥ ይገባል። ከጭስ ማውጫ ምንም አይወጣም፣ እሱ እውነት ነው፤ የልጆቹን ሳንባ ካሰብሽ ትልቅ ነገር ነው። ብናኙን ለመቀነስ ትንሽ መኪና፣ ትንሽ ባትሪ፣ በልክ የተነፋ ጎማ፣ በዝግታ መነሣት። ግዙፍ ኤሌክትሪክ መኪና መግዛት ግን ለእኔ ትርጉም አይሰጠኝም።

ማለዳ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የስድስት ዓመቱ ነገር አስደነገጠኝ። እንግዲህ አሮጌዋን እያጨስኩ ልቀጥል ነው? ሌላ መንገድ የለም?

መልስ፦ ፔዳል

አለ። 11,000ውን ኪሎ ሜትር ለሁለት ክፈይው። የእናትሽ ጉዞ 4,300 ነው፣ የሥራው 6,700። ከነዳጅሽ 500 ሊትር የሚያልቀው በየቀኑ በምትመላለሺባት አጭር መንገድ ነው። የኤሌክትሪክ ብስክሌት በ100 ኪሎ ሜትር የሚበቃው አንድ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ባትሪው ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ነው። ያየሻት መኪና ባትሪ 120 ብስክሌት ያስነሳል ማለት ነው! 14 ኪሎ ሜትሩን 40 ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ትደርሻለሽ፣ ላብም አይኖርብሽም። አዲስ መኪና ሳይሠራ ከዓመቱ ብክለትሽ ከግማሽ በላይ ይቀንሳል።

ማለዳ፦

ሐሳቡ ደስ ብሎኛል፣ ግን መንገዴን ስለማውቀው እፈራለሁ። መካከል ላይ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል የከባድ መኪና መንገድ አለ፤ ዳር የለውም፣ ተሳቢው ሲያልፍ መኪናዬን እንኳ ያወዛውዛታል። በብስክሌት አልሞክረውም።

መልስ፦ ፔዳል

እንደዚያ ከሆነ ትክክል ነሽ፣ አትሞክሪው። ሕይወትሽ ይበልጣል። ሰው ብስክሌት የሚተወው ስንፍና ይዞት ሳይሆን መንገዱ ሲገፋው እንደሆነ መንገድ ሠሪዎች ቢሰሙት እወድ ነበር።

መልስ፦ የአውቶቡስ ሰው

በዚያ መንገድ አውቶቡስ ካለ እስከ ፌርማታው በብስክሌት፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሞክሪ። ትልቅ የናፍጣ አውቶቡስ በ100 ኪሎ ሜትር ከ35 እስከ 40 ሊትር ያቃጥላል። 40 ሰው ከጫነ ለአንድ ሰው ከአንድ ሊትር አያልፍም፣ ያንቺ መኪና ግን አንቺን ብቻ ይዛ 7 ሊትር ተኩል ትጠጣለች። አምስት ሰው ብቻ ሲይዝ ልዩነቱ ይጠፋል፤ ሆኖም አውቶቡሱ ብትሳፈሪም ባትሳፈሪም ይሄዳል፣ ባዶውን ወንበር መሙላትሽ ናፍጣውን እምብዛም አይጨምረውም። በሳምንት አምስቱንም ቀን አትጀምሪ። ሦስት ቀን ብቻ ብታደርጊው በዓመት 300 ሊትር ቤንዚን ታተርፊያለሽ።

ማለዳ፦

ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ በአውቶቡስ ልጀምር ነው፤ ፌርማታው ከቤቴ 2 ኪሎ ሜትር ነው፣ በእግሬም ይደረሳል። መኪናዋን አልሸጥም። ትልቅ ጥገና የሚያስፈልጋት ቀን ግን ያገለገለች፣ ኮባልት የሌላት ትንሽ ኤሌክትሪክ መኪና እፈልጋለሁ። 40 ኪሎዋት ሰዓት እናቴ ጋ ደርሶ ይመልሰኛል?

መልስ፦ ባለ ጎማው

ያገለገለ ባትሪ በወረቀት ላይ ያለውን ያህል አይዝም። ከመግዛትሽ በፊት በመመርመሪያ መሣሪያ የባትሪውን ጤንነት አስነብቢ፤ 85 በመቶ ካለ 40ው 34 ሆነ ማለት ነው። አውራ ጎዳና ላይ በፍጥነት ስትነጂ በ100 ኪሎ ሜትር 20 ይወስድብሻል፣ ስለዚህ 170 ኪሎ ሜትር ትሄጂያለሽ። አንቺ የምትፈልጊው 180 ነው፣ መጠባበቂያም ያስፈልግሻል። እናትሽ ቤት ስትደርሺ ግን በተራ ሶኬት ላይ ብትሰኪያት በሰዓት ሁለት ኪሎዋት ሰዓት ያህል ትሞላለች። አምስት ሰዓት ከተጨዋወታችሁ 10 ይገባላታል፣ 50 ኪሎ ሜትር ነው። ሶኬቱ ያረጀ ወይም የላላ ከሆነ ግን ለብዙ ሰዓት ሲጫንበት ይግላልና አስቀድመሽ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስፈትሺው፤ ማከፋፈያ ገመድም አትጠቀሚ።

ማለዳ፦

በሚቀጥለው ስሄድ ሶኬቱን አስፈትሸዋለሁ። እናቴም አምስት ሰዓት እንደምቆይ ብትሰማ ደስ ይላታል፤ እስከ ዛሬ ከሁለት ሰዓት በላይ አልተቀመጥኩላትም።