የጎርፍ ቆሻሻ ያነሳንበትን ወጪ ማስመለስ፦ አሜሪካኖቹ እንዴት ነው የሚያደርጉት?

የኮቺዋ (ጅማ)፦
ሰላም ለቤቱ። ነገሬ ትንሽ ይረዝማል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

ጅማ ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። መሥሪያ ቤቴን አልጠራም። ባለፈው ክረምት የአዌቱ ወንዝ ሞልቶ ከወጣ በኋላ ደለሉን፣ የወደቀውን ዛፍ፣ የፈረሰውን አጥር ስናነሳ ሰነበትን። ሎደርና ሲኖትራክ ተከራየን፣ የቀን ሠራተኛ ቀጠርን። ቱቦ ተደፍኖ ውሃ ሰው ቤት እየገባ ማን ፎርም ይሞላል?

አሁን «ወጪውን ከበላይ አካል እናስመልስ» ተባለ። ማስረጃው ከእኔ ነው የሚጠበቀው። ያለኝ የነዳጅ ኩፖን ጉርድ፣ የቀን ሠራተኞች የፈረሙበት ወረቀትና የራሴ ደብተር ነው። ደብተሩ «41 ምልልስ በ16 ሜትር ኩብ፣ ድምር 656» ይላል። ኦዲተሩ አየት አድርጎ «41ዱም ጢም ብሎ ነው የሄደው?» አለኝ። መልስ አጣሁ። የት እንደተደፋም አልጻፍኩም። የራሴ ጥፋት ነው፣ ማንንም አልከስም።

አሜሪካ ከተሞች እንዲህ ያለውን ወጪ ከፌዴራል መንግሥት ያስመልሳሉ ሲባል እሰማለሁ። እዚያ የሠራ ሰው ካለ ምን ምን እንደሚይዙ ቢነግረኝ? ለዘንድሮ ባይሆን ለሚመጣው ክረምት።

አባ ገልባጭ (ሂውስተን)፦
የኮቺዋ፣ የሰፈሬ ልጅ! እኔ ቦሳ ነው ያደግሁት። በ2017 እ.ኤ.አ. ሃርቬይ የሚባለው አውሎ ነፋስ ቴክሳስን ካጥለቀለቀ በኋላ ለጥቂት ወራት የፍርስራሽ ተቆጣጣሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። በሰዓት የሚከፈል፣ ከቆምክበት የማትነቃነቅበት፣ ፀሐዩ አናት የሚበሳ ሥራ ነው።

ከላይ ያለውን ቶሎ ልበለው። ገንዘቡ የሚመጣው በ1988 እ.ኤ.አ. በወጣው የስታፎርድ ሕግ ነው። የስቴቱ ገዥ ይጠይቃል፣ ፕሬዚዳንቱ አደጋ መሆኑን ያውጃል፣ ከዚያ ፌማ የሚባለው የፌዴራል የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት በስቴቱ በኩል ይከፍላል። ፍርስራሽ ማንሳት «ካታጎሪ ኤ» ይባላል። በተለምዶ የፌዴራሉ ድርሻ ከ75 በመቶ አያንስም፣ የቀረው የስቴቱና የከተማው ነው። ከተማው አካባቢው ከታወጀ በ30 ቀን ውስጥ ካላመለከተ ችግር ውስጥ ይገባል።

አሁን ወደ አንቺ ደብተር። እዚህ አሜሪካ አንድ መኪና ሥራ ከመጀመሩ በፊት ካሶኒው ይለካል። ርዝመት፣ ስፋት፣ ቁመት። ፎቶ ይነሳል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ቁጥሩም በጎኑ ይለጠፋል። ሲጫን አንድ ተቆጣጣሪ መንገድ ላይ ቆሞ ትኬት ይቆርጣል፤ የየትኛው መንገድ እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደተጫነ፣ ምን እንደተጫነ ይጽፍበታል። መደፊያው ቦታ ደግሞ እንደ ማማ ያለ ከፍ ያለ ነገር አለ። እኔ እዚያ ላይ ነበርኩ። መኪናው ከሥሬ ሲቆም ካሶኒውን ከላይ አይቼ «70 በመቶ»፣ «85 በመቶ» ብዬ እጽፋለሁ። ሹፌሮቹ በየቀኑ ይሰድቡኛል። ቅርንጫፍ ሲጫን ከሩቅ ተራራ ይመስላል፣ ከላይ ስታይው መሀሉ ባዶ ነው!

ትኬት የሌለው ምልልስ አይከፈልም። አለቀ። የግል ግቢ ውስጥ ያለውም በደፈናው አይቆጠርም፤ ሰውየው ራሱ አውጥቶ መንገድ ዳር ካልከመረው በቀር ቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል። ኢንሹራንስ የከፈለው ይቀነሳል። ኮንትራክተሩን «ካወጣኸው ላይ ይህን ያህል በመቶ ጨምሬ እከፍልሃለሁ» ብሎ ማዋዋል ደግሞ ፈጽሞ ክልክል ነው። ወጪ ባበዛ ቁጥር ትርፉ ይጨምራላ!

የኮቺዋ፦
ገለቶማ አባ ገልባጭ! 80 በመቶ ብዬ ባሰላው እኮ 656ቱ 525 ገደማ ይሆናል። ደነገጥኩ።

ሌላ ጥያቄ። ከወደቁት ዛፎች አንዱ ትልቅ ዋንዛ ነበር። ግንዱን በርጩማ የሚጠርቡ ሰዎች ገዝተው ወሰዱት። ገንዘቡ ገቢ ሆኗል፣ ደረሰኝም አለው። ይህንንስ መጻፍ አለብኝ?

አባ ገልባጭ፦
ሃሃ፣ የጅማ ነገር! ጎርፉንም በርጩማ አደረጋችሁት።

አዎ፣ እዚህ ቢሆን ግዴታሽ ነበር። ከተነሳው ነገር የተሸጠ ካለ ገቢው ከሚጠየቀው ላይ ይቀነሳል። ትንሽ ናት ብለሽ አትዝለያት። እንዲያውም ራስሽ ቀንሰሽ ያቀረብሽ እንደሆነ ሌላውን ቁጥርሽን ያምኑሻል።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ከኦዲት ጋር ስታገል የኖርኩ ሰው ነኝ። አባ ገልባጭ ጥሩ ነግሮሻል፣ ግን የአሜሪካኑን መቶኛ ይዘሽ እዚህ እንዳትከራከሪ። የእኛ ጥያቄ በደብዳቤ፣ በቃለ ጉባኤና በመጠባበቂያ በጀት ነው የሚሄደው፤ ሰኔ 30 ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ዛሬ ተቀምጠሽ የአምና ትኬት እንዳትሠሪ። 41 ወረቀት በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ፣ አንዱም ጭቃ ያልነካው! ኦዲተር ሞኝ አይደለም። ያለሽን አሰባስቢ። የተከራያችሁት መኪና አሁንም ጅማ ውስጥ ካለ ሄደሽ ካሶኒውን ለኪ። የሠራተኞቹ ስልክ ውስጥ ፎቶ አይጠፋም፣ ቀኑንም ይዞታል። መደፊያው ላይ ዘበኛ ካለ እሱም የራሱ ደብተር ይኖረዋል። ከነዳጁ ጋር አመሳክሪና «በግምት» ብለሽ ግምት መሆኑን ጽፈሽ አቅርቢ። ያልተረጋገጠውን ቆርጠሽ ጣይው።

አባ ገልባጭ፦
ጋሼ ትክክል ብለዋል። እዚህም ገንዘቡ ከተከፈለ ከዓመታት በኋላ የፌዴራል ኢንስፔክተሮች መጥተው ወረቀት ይጠይቃሉ። የጎደለበት ከተማ የበላውን ይተፋል።

የኮቺዋ፦
እሺ ጋሼ፣ አላደርገውም። እውነት ለመናገር ትናንት ማታ ሁለት ትኬት ጽፌ ነበር፣ አሁን ቀደድኳቸው።

ሲኖትራኩን አገኘሁት። ካሶኒው 5.4 በ2.3 በ1.3 ሜትር ነው፣ 16.1 ሜትር ኩብ መጣ። እሱስ ልክ ነበርኩ። ሹፌሩ «ቅርንጫፍ የጫንኩ ቀን ግማሽም አይሞላም ነበር» አለኝ፣ ሳልጠይቀው። የትኞቹ ቀናት እንደነበሩም ያስታውሳል። ነገ ዘበኛው ጋ እሄዳለሁ።