ቤልጅግ ላይ ለጥሻ አደን የትኛው ማነጣጠሪያ ይሻላል?

ቋራ_መንገድ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከጎንደር ነው። ጠመንጃዬ ወታደራዊ ቤልጅግ ነው፣ ጥይቱ 7.92 በ57፣ ፈቃዱ የተሟላ። የምፈልገው ለከርከሮ ነው፣ በመተማ በኩል ላለው ቆላ። ቦታው ሰንበሌጥና ሽመል የተጠላለፈበት ስለሆነ ከ20 እስከ 60 ሜትር ነው የሚታየው። የሚቀርብልኝ የማነጣጠሪያ መነጽር ሁሉ 3-9×40 ነው (ከ3 እስከ 9 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 40 ሚሊ ሜትር)። ይሆነኛል? ሬድ ዶት (ሳያጎላ ቀይ የብርሃን ነጥብ ብቻ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ) ልፈልግ? ወይስ የራሱን ማነጣጠሪያ እንዳለ ልተወው?

ጥሻ_ገብ፦
3-9×40ውን እርሳው። የዚህ ዓይነት መነጽር ዝቅተኛው 3 ላይ እንኳ ሆኖ በ100 ሜትር የሚያሳይህ 11 ሜትር ያህል ስፋት ነው። በ20 ሜትር ሲሰላ 2 ሜትር ከምናምን ይቀራል። ከርከሮ ከጥሻ ፈንጥሮ ሲወጣ መነጽሩን የሚሞላው ቅጠል ብቻ ነው፤ አንተ ስትፈልገው እሱ ተሻግሯል።

መነጽር ካልክ 1-4×24 ወይም 1-6×24 ነው። 1 ላይ አድርገህ ሁለቱንም ዓይንህን ከፍተህ ትተኩሳለህ፣ በ100 ሜትር 30 ሜትር ገደማ ያሳያል። «የፊቱ መስታወት ትንሽ ስለሆነ ሲመሽ አያሳይም» የሚሉህን አትስማ። ወደ ዓይን የሚደርሰው የብርሃን ክብ የሚገኘው የፊቱን መስታወት ስፋት ለማጉያው በማካፈል ነው፦ ሁለቱም በከፍተኛ ማጉያቸው ላይ ሲሆኑ 24 ለ4 ሲካፈል 6 ሚሊ ሜትር፣ 40 ለ9 ሲካፈል 4.4 ሚሊ ሜትር ብቻ። የመስቀሉ መስመር ወፍራም ይሁን፣ ቀጭኑ ከቅርንጫፍ ጋር ተመሳስሎ ይጠፋል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ደግሞ ይሄ ነው፦ መነጽሩ ከበርሜሉ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ በመነጽሩ ጥርት ያለ ክፍተት እያየህ ጥይቱ ከሥር ያለውን ጭራሮ ሊመታ ይችላል። «ከባድ ጥይት ጥሻ ይበሳል» የሚባለውም አይሠራም፤ ሁሉም ይስታል። ጭራሮው ወደ አንተ በቀረበና ከእንስሳው በራቀ መጠን ደግሞ ስህተቱ ይሰፋል። ክፍተት ካላገኘህ አትተኩስ።

ካቻቪቴ፦
ጥሻ_ገብ ያለው ልክ ነው፣ ግን የተናገረው መነጽር ለመቀበል ለተሠራ ጠመንጃ ነው። ወታደራዊ ቤልጅግ ላይ ችግሩ ከመነጽሩ በፊት ይጀምራል። መቀርቀሪያውን ስትከፍት እጀታው ወደ ላይ ይነሣና መነጽሩን ይመታል። ሴፍቲውም ከኋላ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም መነጽር ዝቅ ብሎ እንዳይቀመጥ ያግዳል። ስለዚህ እጀታውን ቆርጦ ማጠፍ፣ ሴፍቲውን መለወጥ፣ የመቀርቀሪያውን ቤት መብሳት ሊኖርብህ ነው። የዚያ ብረት ላዩ የጠነከረ ነው፤ ተራ የትራፓኖ መብሻ ይሰበርበታል ወይ ተንሸራቶ ቀዳዳውን ያጣምማል። ቀዳዳው ከበርሜሉ መስመር ትንሽ ከወጣ መነጽሩ የፈለገውን ያህል ውድ ቢሆን ወደ ጎን ማስተካከያው አልቆ ይቀራል። ቶርኖ ቤት ሁሉ ይህን ሥራ ያውቃል ማለት አይደለም።

የኔ ምክር፦ የኋለኛውን ማነጣጠሪያ ቅጠልና ከሥሩ ያለውን ስፕሪንግ ፈትተህ በቦታው የሚገባ ሐዲድ ግጠም፣ በላዩ ትንሽ ሬድ ዶት አስቀምጥ። ምንም አይበሳም፣ ነገ ወደነበረበት ይመለሳል። ሬድ ዶት ዓይን ከየትኛውም ርቀት ቢያየው ግድ የለውም፤ ተራ መነጽር ግን 9 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይፈልጋል፣ እዚያ ፊት ላይ አይሠራም።

ነጥቡ 2 ወይም 4 ኤምኦኤ (የማዕዘን መለኪያ ነው፣ የአንድ ዲግሪ ስልሳኛ) ይሁን። 4ቱ በ50 ሜትር 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሸፍናል፣ ለከርከሮ ይበቃል፣ ቶሎም ይታያል። ባትሪው ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 ነው፤ ትርፍ ያዝ።

ስትገጥም የብሎኑንም የቀዳዳውንም ዘይት በአልኮል ጥረግ፣ ሰማያዊ የብሎን ማጣበቂያ አንድ ጠብታ፣ ከዚያ 2 ኒውተን ሜትር ያህል። መለኪያ ከሌለህ የቁልፉን አጭር ጫፍ በሁለት ጣት ይዘህ እስኪቆም ብቻ። ከዚህ በላይ ያጠበቀ ሰው ጥርሱን ይበላዋል። ሐዲዱን በእጅህ ስትነቀንቀው ከተነቃነቀ ዜሮ ለማድረግ (ነጥቡን ጥይቱ ከሚመታበት ጋር ለማገጣጠም) ጥይት አታባክን።

ዜሮ የሚደረገው በ50 ሜትር ነው፣ ተኩስ በተፈቀደበት ቦታ፣ ጠመንጃው በከረጢት ላይ ተደግፎ። ሦስት ሦስት ተኩሰህ መሃላቸውን ለካ። አንድ ክሊክ (የማስተካከያው አንድ እርከን) ሩብ ኤምኦኤ ከሆነ በ50 ሜትር 3.6 ሚሊ ሜትር ያንቀሳቅሳል፣ 4 ሴንቲ ሜትር ለማምጣት 11 ክሊክ ነው። ማነጣጠሪያው ከበርሜሉ 4.5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ፣ 12.7 ግራም ጥይት በ25 ሜትር አንድ ተኩል፣ በ100 ሜትር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ጥሻ ውስጥ ሌላ ስሌት አያስፈልግህም።

ጋሼ_ቀለህ፦
ልጆች፣ የብረቱን ማነጣጠሪያ ሳትሞክሩት ጣላችሁት። ጥፋቱ አቀማመጡ ነው። ይህ ጠመንጃ የተሠራው ለሩቅ ተኩስ ነው። ለ200 ሜትር የተስተካከለ ከሆነ በ50 ሜትር 8፣ በ100 ሜትር 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ይመታል፣ ሰውም «ጠመንጃው ይስታል» ይላል።

መድኃኒቱ ፊተኛውን ማነጣጠሪያ ማርዘም ነው። ከፍ አድርጎ የሚመታበትን በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ባለው ርቀት አባዛው፣ ለተተኮሰበት ርቀት አካፍለው። 8 ሴንቲ ሜትር በ50 ሴንቲ ሜትር ሲባዛ፣ ለ5000 ሴንቲ ሜትር (50 ሜትር) ሲካፈል 0.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 1.2 ሚሊ ሜትር ጨምረህ አሠራና በሞረድ ጥቂት ጥቂት እያልክ፣ እየተኮስክ አውርደው። ሞርደህ ካሳጠርከው መመለሻ የለውም። ጫፉን ነጭ ቀባው፤ የሴቶች የጥፍር ቀለም ይበቃል። ኋለኛውን ደግሞ 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው ቀለበት ብትለውጠው፣ ለዓይን ቀርቦ ከመቀርቀሪያው ቤት ጫፍ ላይ መሆን አለበት፤ አሁን ባለበት ፊት ላይ ቢሆን ጠቦ ያስቸግርሃል።

ሌላው፣ መሣሪያ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ስለሚተዳደር መነጽርም ሬድ ዶትም ከማስመጣትህ በፊት ፈቃድ የሰጠህን ክፍል ጠይቅ። የአደን ፈቃድ ራሱን የቻለ ነው፤ የአላጥሽ ፓርክ ክልል ውስጥ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።

ቋራ_መንገድ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ስለ ፊተኛው ያሉትን እለካዋለሁ። ካቻቪቴ፣ ሐሳብህ ተመችቶኛል፣ ግን የሰው ሬድ ዶት ሳየው ነጥቡ ክብ አይደለም፣ ጭራ ያለው ኮከብ ይመስላል። ዕቃው ነው የተበላሸው?

ካቻቪቴ፦
በስልክህ ካሜራ በሬድ ዶቱ በኩል ፎቶ አንሣ። ፎቶው ላይ ክብ ከሆነ ዕቃው ደህና ነው፣ ዓይንህ አስቲግማቲዝም (ብርሃንን አንድ ነጥብ ላይ ያለመሰብሰብ ችግር) አለበት። መጀመሪያ የነጥቡን ብርሃን ቀንስ፣ ሰው ሁሉ ከመጠን በላይ አድምቆ ነው የሚጠቀመው። የዓይን መነጽር የታዘዘልህ ከሆነ አድርገህ እየው። በዚህ ካልተስተካከለ ሰዎች ፕሪዝም ያለውን ይመክሩሃል፣ መስመሩ መስታወቱ ላይ የተቀረጸ ስለሆነ አይበተንም። አንተ ግን አትግዛው፤ እሱም እንደ መነጽር ዓይን እንዲቀርበው ይፈልጋል፣ በኋለኛው ማነጣጠሪያ ቦታ አይሆንም። እዚያ ሐዲድ ላይ የሚሠራልህ ስካውት የሚባለው፣ ከዓይን ርቆ የሚቀመጠው መነጽር ነው፣ ለምሳሌ 2.5×28፣ ዓይን ከ23 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ጀምሮ ያይበታል። ፀሐይ ከጀርባህ ስትሆን ግን የኋላ መስታወቱ ያንጸባርቃል፣ ጠዋት ወደ ምዕራብ የምትሄድ ከሆነ ይሄን አስብበት።