አስቸኳይ! «ኤ ማንካታ» ጠፋች ማለት ነው?

የቶሪኖዋ፦ ጣልያንኛ የምትችሉ፣ ቶሎ በሉልኝ። ከሲኞራዬ፣ ከምንከባከባት አሮጊት፣ ልጅ አሁን መልእክት ገባልኝ። «ላ ማማ ኤ ማንካታ ስታኖቴ። ኪያማሚ አፔና ፑዎይ» ይላል። ሁለተኛው «እንደቻልሽ ደውዪልኝ» ነው፣ ገብቶኛል። የመጀመሪያውን መተርጎሚያው «እናቴ ሌሊት ጎደለች» አለኝ። ጠፋች ነው አይደል? ፖሊስ ጋ ልደውል?

ፒያሳ ሰፈር፦ ማንካ? እኛ ቤት ሁሌ የሚጠፋው ማንኪያ ነው ሃሃሃ። አይዞሽ፣ ባር ገብታ ማኪያቶዋን እየጠጣች ይሆናል።

ማሚ ሚላኖ፦ 112 ደውዪ።

ጡረተኛው መምህር፦ ግሱ «ማንካሬ» ነው። ሥሩ የላቲኑ «ማንኩስ» ነው፤ እጁ የተጎዳ፣ አካሉ የጎደለ ማለት ነው። «ማኑስ» እጅ ነዋ። ጣልያኖች እስከ ዛሬ ግራን «ማንካ» ይሉታል፤ «ኣ ዴስትራ ኤ ኣ ማንካ» ሲሉ በቀኝም በግራም፣ በየቦታው ማለታቸው ነው። ከዚያ ወደ መጉደል ሄደ። «ማንካ ኢል ሳሌ»፣ ጨው ይጎድለዋል። «ሚ ማንካኖ ቬንቲ ኤውሮ»፣ 20 ዩሮ ጎደለኝ። ረዳት ግሱ «አቬሬ» ከሆነ ደግሞ መሳት ይሆናል፤ «ኦ ማንካቶ ኢል ቤርሳልዮ»፣ ዒላማውን ሳትኩ። በ«ኤሴሬ» ሲሆን ግን...

የቶሪኖዋ፦ ጋሼ ይቅርታ፣ ትምህርቱ ይቆየን። ጠፍታለች ወይስ አልጠፋችም? ትረሳለች እኮ። ባለፈው በቤት ጫማ ወጥታ ፋርማሲው በር ላይ ነው ያገኘኋት። እኔ ዛሬ እረፍቴ ስለሆነ ትናንት ማታ ሚላኖ እህቴ ጋ መጣሁ።

ማሚ ሚላኖ፦ 112 በይ እንጂ! ትረሳለች እያልሽ ምን ትጠብቂያለሽ?

ባዳንቴ ነበርኩ፦ እህቴ፣ እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ። ጠፋች ለማለት ቢሆን «ሲ ኤ ፔርሳ» ይልሽ ነበር። «ኤ ማንካታ» እንደኛ «አረፈች» ነው። በሰሜን በኩል «ሞርታ» ማለት ይከብዳቸዋል። እኔም ባዳንቴ፣ የአረጋውያን ተንከባካቢ፣ ሆኜ መጀመሪያ የሠራሁበት ቤት «ኤ ማንካቶ» ሲሉኝ «የት ሄደው?» ብዬ ጠይቄ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ። ፖሊሱን ተዪው፣ ለልጇ ደውዪ።

ፒያሳ ሰፈር፦ ውይ። ይቅርታ እህቴ፣ አላወቅኩም። ነፍስ ይማር።

የቶሪኖዋ፦ ምን ብዬ ነው የምደውለው

ባዳንቴ ነበርኩ፦ «ኮንዶሊያንዜ» ካልሽ ይበቃል። ልብሽ ከፈቀደ «ሚ ማንኬራ ታንቶ» በይው። ያው ግስ ነው። ልክ «በጣም ትናፍቀኛለች» እንደምንለው ነው፤ ግሱ የሚሄደው በእሷ ነው፣ «ሚ» ደግሞ የእኛ «ኝ» ነው። በአማርኛሽ ከሄድሽ አትሳሳቺም። ብቻ «ሌ ማንኬሮ» እንዳትይ፣ ይገለበጥና እሷ አንቺን ትናፍቃለች ይሆናል።

ጡረተኛው መምህር፦ አንድ እርማት። ነገሩ የሰሜን ብቻ አይደለም። «ኤ ቬኑታ ኣ ማንካሬ» የሚለውን በመላ አገሩ የሐዘን ማስታወቂያ ላይ ታነቡታላችሁ። ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ማሚ ሚላኖ፦ 112 ደወልሽ?

ፒያሳ ሰፈር፦ ኧረ ከላይ አንብቢ!

አዲስ ገቢ፦ እንግዲያው ጣቢያ ላይ ሰውዬው «ማንካኖ ዲየቺ ሚኑቲ» ያለኝ ባቡሩ ሞተ ማለቱ ነው?

ጡረተኛው መምህር፦ 10 ደቂቃ ቀረ ማለቱ ነው። ሩጥ።

ባዳንቴ ነበርኩ፦ የቶሪኖዋ፣ አገኘሽው?