ዳትሰን 240ዜድ ላይ የሃይሉክስ ካሊፐር፦ የመጀመሪያው እርግጫ ለምን ይሰምጣል?

መኪናዋ የ1972 ዳትሰን 240ዜድ ናት፤ የኋላ ፍሬኗ እንደ ፋብሪካው ታምቡሮ ነው። የፊቶቹን ባለ 2 ፒስተን ካሊፐሮች (ዲስኩን በሸራ የሚቆነጥጡትን) አውጥቼ የ4 በ4 ሃይሉክስ ባለ 4 ፒስተን ካሊፐር፣ ኤስ12+8 የሚባለውን ገጠምኩ፤ ለድፍን ዲስክ የሚሆነውን ጠባቡን ማለቴ ነው። በነበረው ቀዳዳ ይታሰራል፤ የአቧራ መከለያውን መቁረጥና የብረት ቱቦውን ማጠፍ ብቻ ይፈልጋል። ማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ) ግን የድሮው ነው፣ የውስጥ ስፋቱ 7/8 ኢንች (22.2 ሚሜ)።

ፔዳሉ መጀመሪያ ሲረገጥ ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ ወዲያው ሲደገም ከፍ ብሎ ይጠነክራል። እንደ ስፖንጅ ስለማይለሰልስ አየር አይመስለኝም። ለማንኛውም በዶት 4 ዘይት ከሩቁ የኋላ ጎማ ጀምሬ አየር አስወጥቻለሁ፤ የማስወጫ ብሎኖቹም ከላይ ናቸው (ግራና ቀኙ ከተቀያየረ ከታች ሆነው አየር ያስቀራሉ)። የኋላ ሸራዎቹን ታምቡሮውን ለስለስ አድርገው እስኪነኩ አስጠግቻለሁ። የዲስኩ መወላገድ ከ0.05 ሚሜ በታች ነው፣ ኩሽኔታውም አይላወስም። የፊቶቹን የጎማ ቱቦዎች በመቆንጠጫ ስይዛቸው ፔዳሉ ከላይ ይቆማል። ስለዚህ ማስተሩ አያፈስም፣ የሰርቮው (የፍሬን ማገዣው) ዘንግም ችግር የለበትም፤ የሚጠፋው ዘይት ፊት ነው የሚሄደው።

ያሰብኩት የ280ዜድኤክስን 15/16 ኢንች (23.8 ሚሜ) ማስተር ነው። በስሌት በአንድ እርግጫ 15 በመቶ ያህል ተጨማሪ ዘይት ይገፋል፤ ፔዳሉንም የዚያኑ ያህል ያከብደዋል።

ይህን ካሊፐር በ7/8 ማስተር የሞከራችሁ፣ በሁለተኛው እርግጫ ብቻ የሚነሳ ፔዳል በ15/16 ይስተካከላል፣ ወይስ መጀመሪያ ፒስተኖቹን ወደ ኋላ የሚመልሳቸውን ነገር ካሊፐሩ ውስጥ ልፈልግ?